የእስክሪብቶው ጽሑፍ

«ለጉብኝት ነው» ብዬ ነበር የወጣሁት፣
የመጽሐፉን ሣጥን ለጎረቤቴ ልጅ ለላቀች የሰጠሁት፤
ደብረ ሲና፣ መናኸሪያው አጥር ሥር፣
የጣርማ በር ጉም ወርዶ ከሰው ጋር በሚሳፈር፣
የጋለ ፍሬን ሽታ ከቆሎ ጋር በሚሸጥበት፣
ከዚያች ከቆርቆሮ ጥግ፣ መጽሐፍ ከማከራይበት።

ደንበኞቼን አውቃቸዋለሁ።
ሦስት ሳምንት ዝም ካልኳቸው
ካርታ ጨዋታ ይወስዳቸዋል፣
ወይ የሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ይቀማኛል።
ስለዚህ ቃል ገባሁ፦
«በየጊዜው አንድ ጥያቄ እልካለሁ፣
ላቀች በካርቶን ጽፋ ትሰቅለዋለች፤
ቀድሞ ለመለሰ
የባሕር ማዶ ስጦታ ትሰጠዋለች።»

አጨበጨቡ። ረዳቱ ይታገሱ
«ለእኔ ጫማ፣ አርባ ሁለት ቁጥር!» ብሎ ጮኸ።
ሳቅን። እኅቴ አውቶቡሱ ውስጥ ነበረች፣
ፊቷን በሻርፕ ሸፍና፣ መስኮቱን ተደግፋ።
ማንም አላያትም። እኔም አላሳየኋቸውም።

ቼናይ።
የሚያልበው ግድግዳ። ሌሊቱን የሚያላዝን ማራገቢያ።
ገንዘብ ተቀባዩ በጣቱ የሚያሰላልን ሂሳብ፣
ከዕቁብም ከብድርም የተለቃቀመ ገንዘብ።
እኔ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ጥያቄ እጽፋለሁ፦

«አንደኛ፦
ሽፋኑ የወለቀው፣ ሰማያዊው ልብ ወለድ፣
ሰውዬው ድልድዩ ላይ ሲደርስ
የሚጎድለው ገጽ ስንተኛ ነው?»

የመለሰችው አስካለ ናት፣ ቆሎ ሻጯ፦
«ስድሳ አንድ። የቀደድኩትም እኔ ነኝ፤
ቆሎ ጠቅልዬበት ወደ ደሴ ሄደ፤ ይቅር በለኝ።»
ሽልማቷን ላክሁ፣ አንድ እስክሪብቶ፣
ታክሞ በሚመለስ የአጣዬ ሰው ኪስ ውስጥ ገብቶ።

«ሁለተኛ፦
ዛሬ ጠዋት ጉሙ የት ደረሰ?
ከዋሻው አፍ ቀረ፣ ወይስ እስከ ገበያው ፈሰሰ?»
ይህማ ከመጽሐፍ አይደለም፤
ለምን እንደ ጠየቅሁ እኔም በወጉ አላውቅም።
ይታገሱ አሸነፈ። የጫማው ነገር አልሆነም፤
ትንሽ ሳሙና ላክሁለት፣ ከነልባሱ።

ሦስተኛውን የጻፍኩት እኅቴ በገባች ሌሊት ነው፣
ከበሩ በላይ ቀይ መብራት ሲበራ።
እጄ አልታዘዝ ብሎኝ
ቁጥር ብቻ ጠየቅሁ፦
«ከመናኸሪያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ
ስንት እርምጃ ነው፣ ሳይቸኩል ለሄደ?»

መልስ ቀረ። አንድ ቀን። ሁለት።
በቃ፣ ካርታው ወሰዳቸው፣ አልኩ።
በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤
ላቀች ካርቶኑን ፎቶ አንስታ ልካዋለች።
ከጥያቄዬ ሥር፣ በዚያው በላክሁት እስክሪብቶ፦

«ሄድነው። አራት መቶ ሠላሳ ስምንት፤
የይታገሱ ሦስት መቶ ዘጠና፣ ቅልጥሙ ረጅም ነው።
አሁን ጥያቄው ከእኛ።
እስክሪብቶው ወገብ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን
የእንግሊዝኛ አስተማሪው ሸዋንግዛው አነበበው፤
የሳሙናው ልባስም ያንኑ ይላል፦ የልብ ሆስፒታል።
የታመመው ማን ነው?
በትክክል ለመለሰ ሽልማት አለ፤
ሁለት ኪሎ ቆሎ፣ ሱፍ የበዛበት፣
በመጽሐፍ ገጽ ያልተጠቀለለ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ሳከራያቸው
«ደቃቁን ፊደል አትዝለሉ፣
የነገሩ ሥር እዚያ ነው» ስላቸው ኖሬ፣
የራሴን እሽግ ሳላነብ ላክሁት።

ከወዲያ ክፍል ነርሷ ስም ትጠራለች፣
እንደ ሌላ ሰው ስም አድርጋ ትሰባብረዋለች፦
«ሸዋ… ሸዋረ…»
«ሸዋረገድ» አልኳት።
ከዚያ ስልኬን አወጣሁና
ያንኑ ስም ጻፍኩላቸው፣ ያለ ምንም ጌጥ።
ቆሎው፣ አልኩ፣ ለእሷ ይቀመጥ፤
አስካለን ግን አደራ በሏት፣
ሐኪሙ ከልክሏታልና፣ ጨው አይንካው።